መርዶ በመሮጫ ሜዳ

አክስቴ ትርንጎ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከመሮጫው ሜዳ ዳር ቆማ ሳያት እናቴ እንደሞተች ገባኝ። ከሜዳ ውጪ የሰው ልብ በደቂቃ ከመቶ በላይ እንዳይመታ ከተከለከለ ወዲህ መርዶ የሚነገረው እዚህ ነው። ቤት ውስጥ ከተነገረ በየሰዉ እጅ ላይ የታሰረው የልብ ምት ቆጣሪ ሰዓት ይጮኻል። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ባለሰዓቱን መርፌ ወግተው ያስተኙታል፤ ሲነቃ ቀብሩ አልፏል።

"ሩጪ የኔ ልጅ፤ ልብሽ ከፍ ሲል እነግርሻለሁ" አለችኝ፣ በኮንጎ ጫማዋ ከጎኔ እየሮጠች።

ሮጥኩ። ሰዓቴ መቶ ሃምሳ ሲል ነገረችኝ። ከዚያ ይዛው የቆየችውን ለቅሶ ለቀቀችው፤ "እህቴን! እህቴን!" እያለች ደረቷን ደቃች። አብረዋት የመጡት ጎረቤቶቻችንም ከኋላችን እየሮጡ አለቀሱ። እኔም እንባዬን ጠበቅሁት። አልመጣም።

የሜዳው መዝጊያ ደወል ሲደወል ሁሉም ለቅሶውን አቆሙ፤ ፊታቸውን ጠራርገው ልባቸው እስኪበርድ ቆሙ።

ቤት ስገባ እናቴ ትናንት ያጠበችው የልምምድ ልብሴ ገመድ ላይ ደርቋል። ሸሚዙን ሳወርደው ሳሙናዋ ሸተተኝ፤ ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠና ስድስት። አሰልጣኜ እንዳስተማረኝ በአፍንጫዬ ስቤ በአፌ ቀስ ብዬ አወጣሁ። ሰባ ሲሆን የቀረውን ልብስ አጠፍኩ።