ኖኤል ያልሰማው

ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ባምሴ ዘሎ ተነሳ፤ እኔ ግን አልተነሳሁም። ሌባ አይደለሁ፣ ምን ያስነሳኛል?

ኖኤል ነበር። ብሪን ሰፈር ካለው ቢሮው ከመምሸቱ በፊት መጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ብርድ መትቶት በምሳ ሰዓት ተመለሰ። መጀመሪያ ያየው ውሻውን ባምሴን ነው፣ ጅራቱን እየቆላ እላዩ ላይ ወጣበት። ቀጥሎ በሩ ቧ ብሎ የተከፈተውን የሽቦ ሳጥን አየ። ከዚያ እኔን። ሒጃቤን ወደ ኋላ አስሬ፣ ቢጫውን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት እስከ ክርኔ አጥልቄ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

«እትዬ ሐዋ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ቁልፉን የሰጠኝ ራሱ ነው። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ እሳት ቢነሳ ብሎ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትላለች እናቴ ብሎ። ሃውገንስቱዋ ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነን፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ እኔ አራተኛ፣ ልክ በላዩ። ውሻ እንደምፈራም ያውቃል፤ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ባምሴን ወደ ጥግ ይይዝልኛል። ምራቁ ከነካኝ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፣ አንዱን በአፈር። እንዲህ ነው ያደግኩት፤ አሁንም እንዲሁ ነኝ።

ግን ባምሴ ሶፋውን በላ። ትራሱን አላልኩም፣ ሶፋውን። ኖኤል አንድ የአሜሪካ የውሻ አሠልጣኝ በዲቪዲ ሲያስተምር አየና ሮጦ የሽቦ ሳጥን ገዛ። በዚህ አገር ቋንቋ፣ በኖርስክ «ቡር» ይለዋል፤ ለውሻ እንደ ዋሻ ነው፣ ደስ ይለዋል ይላል። እንግዲህ ጠዋት ዘግቶበት ይወጣል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቆይቶ ይመለሳል። እኔ አረጋውያን ቤት የምሠራው በማታ ፈረቃ ነው፤ ቀኑን ቤቴ ነኝ። ስለዚህ ለቅሶውን የሰማሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ታገስኩ። ቴሌቪዥን ከፈትኩ፣ ጆሮዬ ላይ ትራስ ጫንኩ። በአራተኛው ቀን ቢስሚላህ ብዬ ጓንቴን አጠለቅኩና ወረድኩ። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ እሱ ሲወጣ እከፍትለታለሁ፣ ሊመጣ ሲል በብስኩት አባብዬ እመልሰዋለሁ። ኖኤል ምስኪኑ ላገኘው ሰው ሁሉ ውሻዬ ሠለጠነ፣ ቡሩን ለመደው እያለ ያወራል። እኔም ሊፍት ውስጥ ማሻአላህ እለው ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ፈጠጠ። ፊቱ ቀላ። የስድስት ሳምንት ልፋቴን ገደል ከተትሽው አለኝ። ባምሴ ቡሩን ይወደዋል፣ ጠዋት ስዘጋበት ድምፅ አያሰማም፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው አለ። ቁልፌን መልሺልኝ አለ። ደሜ ፈላ። በዓይኑ ያየውን ይነግረኛል! ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ብቻ ነው። ባምሴ የሚያለቅሰው እሱ ሲሄድ ነዋ።

«መጀመሪያ ዝጋበት» አልኩት። «ሥራ እንደምትሄድ ሆነህ ውጣና እኔ ቤት ና። ካላለቀሰ ቁልፉ ያንተ ነው፣ እኔም ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።»

ዘጋበት። ባምሴ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ እውነትም ድምፅ አላሰማም። ጓንቴን አውልቄ በአጠገቡ ሳልፍ ምላሱን በሽቦው መሐል አውጥቶ እጄን ላሰኝ። ይኼ ቀርቶኝ ነበር።

ቤቴ ስንገባ ኖኤል ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ወጥ ቤት ተቀመጠ፣ ጃኬቱን ግን አላወለቀም። ቁልፉን ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ቧንቧ ከፍቼ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። አንድ። ከታች ምንም የለም። ሁለት። ዝም። ሦስተኛውን ስታጠብ ኖኤል ፈገግ ማለት ጀመረ፣ እኔም ልቤ መፍራት ጀመረ። ለካ እኔው ነኝ ያስለመድኩት ብዬ አሰብኩ። አንተ ውሻ፣ ዛሬ ካሳፈርከኝ አለቀልህ። እውነትም የሚያልቅለት እሱ ነው፣ ከነገ ጀምሮ የሚከፍትለት የለም።

ለአራተኛው መስኮቱ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ዘገንኩ። አፈሩን እጄ ላይ እያሸሁ ሳለሁ ከእግራችን ሥር ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ጀበና ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው። ከዚያ ሽቦው መንኳኳት ጀመረ። ከዚያ ባምሴ ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ያቆምና እንደገና ይጀምራል።

ኖኤል ወለሉን አየ። ፈገግታው የት እንደገባ እንጃ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«እኔ እስክወርድ ድረስ» አልኩት።

ላጽናናው ይገባኝ ነበር፣ አላጽናናሁትም። ይስማ። እኔ ሦስት ቀን ሰምቼ የለ? አምስተኛውን ቀስ ብዬ ታጠብኩ። ስድስተኛውን ስጀምር ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ኖኤል በካልሲው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ሰባተኛው ላይ የሽቦው መቀርቀሪያ ቀጭ ሲል በወለሉ በኩል ተሰማኝ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ቧንቧውን ዘጋሁ። የኖኤል ጫማ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ ቁልፉም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ቁልፉን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ጓንቱን ደግሞ በሩ ጀርባ ለነገ ሰቀልኩት።