ባለ ሁለት ራሱ ታንክ እና ሦስቱ ወታደሮች

ዳኛው አጉሊ መነጽራቸውን ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው ባሻገሩ ቁጥር የልብስ ሰፊው ዓይን አብሮ ይሻገራል። ታንኮቹ ሁለቱም ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጡም። ረጅሙ ጠረጴዛ ነጭ አንሶላ ለብሶ በረዶ ሆኗል፤ ጥፍር የሚያካክሉ ወታደሮች ግራና ቀኝ ተሰልፈውበታል፤ ስምንት የልጆች አባቶች ደግሞ ዙሪያውን ቆመው የአሻንጉሊቱ ውጊያ እስኪጀመር ይቁነጠነጣሉ።

ለዛሬው ውጊያ የተፈቀደው ባለ ሁለት ራስ፣ ማለትም ባለ ሁለት የመድፍ ማማ፣ ታንክ አንድ ብቻ ነው፤ ሶቪየቶቹ ራሳቸው ይህን ዓይነቱን ከአንድ በላይ አልሠሩማ። እዚህ ግን ሁለት ሰው ሠርቶ መጥቷል፤ ልብስ ሰፊውና የሚስቱ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ። እውነተኛውን የመሰለው ይሰለፋል፤ ያልመሰለው ታንኩን ታቅፎ ቆሞ ያያል። የልብስ ሰፊው ሚስት ጠዋት «ዛሬ ካልተጫወትክበት ያ ብረት ሁለተኛ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳላየው» ብላ ነው የሸኘችው።

ዳኛው ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። በሌሉበት «ጋሼ ሚሊሜትር» ይባላሉ። አንድ ጊዜ «ይህ ጭቃ የዚያ አገር ጭቃ አይደለም» ብለው ታንክ የመለሱ ሰው ናቸው።

«የፊት መብራቱ በስተቀኝ ነው» አሉ፣ የፀጉር አስተካካዩን ታንክ በወረንጦ ጫፍ እየነኩ። «የዕቃ ሣጥኑም በስተቀኝ። የእውነተኛው ታንክ ፎቶ ላይ ሁለቱም በግራ ናቸው።»

«ጋሼ፣ እኔ የሠራሁት ከንድፉ ነው። ንድፉ ደግሞ ቀኝ ነው የሚለው።»

«ንድፍ የሰው እጅ ነው ልጄ፤ ይስታል። ፎቶ ግን አይዋሽም።»

«ፀጉር ሲቆርጥም እንዲሁ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ግራውን ስትለው ቀኙን ይላጭሃል!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊውም ሳቀ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ «ቀኝ ነው» ባለ ቁጥር፣ ሲስቅበት ነው የከረመው።

ዳኛው መዝገባቸውን ገልጠው ብዕር አወጡ። ልብስ ሰፊው ስሙ ሲጻፍ ለማየት ጎንበስ ሲል ዓይኑ አጉሊ መነጽሩ ሥር በተኛው ፎቶ ላይ አረፈ። እሱ ቤት ያለው ተመሳሳይ ፎቶ የቴምብር ታናሽ ወንድም ነው፤ ይሄ የዳኛው ግን ትልቅ፣ ጥርት ያለ ነው። ታንኩ አጠገብ ሦስት ወታደሮች ቆመዋል። ስምንት ወር ያየው ታንኩን እንጂ ሰዎቹን አልነበረም። አሁን ግን የሙያ ነገር ሆነና ዓይኑ ካፖርታቸው ላይ ተሰካ።

ተሰካና ቀረ።

የወንድ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ የሴት ደግሞ ቀኙ በግራው ላይ። ይህን ጨርቅ ቀደህ ከመስፋትህ በፊት ነው የምትማረው። የሦስቱም ወታደሮች ካፖርት ቀኙ በግራው ላይ ተደርቦ ተቆልፏል። አንዱ ቢሆን ቸኩሎ ነው ይባላል። ሦስቱም የሚስቶቻቸውን ካፖርት ለብሰው አይዘምቱም።

ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የታተመው። ሰዎቹ ተገልብጠዋል፤ ታንኩም አብሯቸው፤ መብራቱና ሣጥኑ በእርግጥ በቀኝ ናቸው።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ሰዎቹን አየ። ማንም አላየም። ከአባቶቹ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም የጨዋታውን ዕጣ መጣያ ዳይ እያንኳኳ ነው፤ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ዝም ቢል፣ ዝም ብቻ ቢል፣ ማን ልብስ ሰፊ አለ እዚህ?  ብዕሩ ወረቀቱን ነክቷል፤ የዳኛው የእጅ ጽሑፍ ደግሞ፣ ምስጋና ለቅየሳ፣ ዝግ ያለ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ታንኩን በጥጥ ጠቅልሎ ጫማ በነበረበት ካርቶን ውስጥ አስተኛው። ከዚያ ወደ አማቹ ተጠጋ።

«ደስ ይበልህ፤ ከቤተሰብ አልወጣም» አለ። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ አልረጋ አለ። «ዓይኔ ነው መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቀኝ ነው ብዬ ተሟገትኩ። ሰው ሁሉ አይደለም ካለ፣ በቃ አይደለም። እንካ።»

የዘረጋለት የቀለም ብሩሾቹን ነው። ከሽፋሽፍት የቀጠኑ ሦስት ብሩሾች፣ በላስቲክ የታሰሩ።

«ምን ላድርጋቸው?»

«ሥራባቸው። እኔ ሁለተኛ አልነካም።»

ልብስ ሰፊው አልተቀበለም። ብሩሾቹ በሁለቱ መካከል አየር ላይ ቀሩ። ዳኛው የስሙን ግማሽ ጽፈዋል።

«ጋሼ!» አለ ልብስ ሰፊው። «እስቲ ጃኬትዎን ይቆልፉልኝ።»

«ምነው? በረዶው እኮ አንሶላ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ግድ የለዎትም፣ ይቆልፉልኝ።»

ዳኛው ዕብድ እንደሚያባብል ሰው ብዕራቸውን አስቀምጠው ቆለፉ፤ አንድ፣ ሁለት።

«የቱ ከላይ ሆነ?»

«ግራው ነዋ።»

«እነዚህስ?» አለና ጣቱን ፎቶው ላይ፣ ወታደሮቹ ደረት ላይ አሳረፈ። 

ዳኛው አጉሊ መነጽሩን አቀረቡ። አራቁ። እንደገና አቀረቡ።  ሽማግሌው ሳያውቁት ግራ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደው የራሳቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ።

ከዚያ ከፎቶው ቀና ሳይሉ ያንኑ እጃቸውን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዘረጉ። መዳፋቸው ታንኩን ለመቀበል ክፍት ነበር።