የሲራክ ማዳመጫ

በዚያ ዘመን ማዳመጫውን ከጆሮው የሚያወልቅ ሰው አልነበረም። የየሰዉ ማዳመጫም ያ ሰው በየዕለቱ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። መዝገቡ ካገባ ጀምሮ ያላወለቀውን የራሱን ማዳመጫ «በጥራት የሚደርስበት የለም» እያለ ከጓደኛው ከሲራክ ጋር ሲከራከር ዋለና፣ በስተመጨረሻ በራሱ በመዝገቡ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ተለዋወጡ።

የሲራክ ጠበብ ብሎ ጆሮውን ቆረቆረው። ወዲያው ግን የሴት እንጉርጉሮ ኩልል ብሎ መጣ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ተረታሁ!» አለ። «ትንፋሿ እንኳ ሳይቀር ይሰማል። ዘፋኟ ማን ናት?»

የመዝገቡን ማዳመጫ ገና በመዳፉ የያዘው ሲራክ ግራ ተጋብቶ አየው።

«የምን ዘፋኝ? እኔ ምንም አልከፈትኩም። ሚስትህ ወይንሸት ናት እኮ፣ ጓዳ ዕቃ እያጠበች። በመጣሁ ቁጥር ታንጎራጉር የለ?»