የሞንትቤሎ እንደራሴ

ወልደየስ የአንዲት የአየርላንድ ከተማን ታሪክ ያነበበው ዴንቨር መሃል፣ መኪና በሚያስከፍልባት የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ዘመኑ በፈረንጅ 2006 ነው። መጽሐፉን ከላይብረሪ ተውሶ ሦስት ጊዜ ሪኒው አድርጎታል።

ከተማዋ የነበሯት መራጮች አስራ ሦስት ብቻ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ሁለት እንደራሴ ደብሊን ፓርላማ ትልክ ነበር። መራጮቹ ሁሉ የከተማዋ ባለርስት ሰዎች ናቸው፤ እጅ አውጡ ሲባሉ ያወጣሉ። በ1800 ፓርላማው ራሱ ይፍረስ ሲባል እንደራሴዎቹ እሺ አሉ። ወንበሮቹ ተሰረዙ፣ ባለርስቱ ካሳውን ተቀበለ፤ የከተማዋን ሰው ግን ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም።

«ይኼማ እኛው ነን!» አለ ወልደየስ ለብቻው።

አልተሳሳተም። በዴንቨር የሀበሻ ኮሚኒቲ ማኅበር ምክር ቤት ለሞንትቤሎ ሰፈር የተሰጠውን ወንበር የያዘው እሱ ነው። ሰዉ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኦሮራ እየገባ አልቆ፣ ከሱና ከሚስቱ ሌላ የቀሩት መራጮች አስራ ሦስት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ይቅር ወይስ ይቆይ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስት ድምፅ ካገኘም ተአምር ነው።

ክብር ፈልጎ አይደለም። ከፊተኛዋ ሚስቱ የወለዳት አንዲት ልጁ ሄርሞን ካርቱም ተሰዳ ቪዛ ስትጠብቅ አምስት ዓመት ሆኗታል። ጠበቃው «የኮሚኒቲ ተወካይ ደብዳቤ ቢጽፍላት ይረዳታል» ብሎታል። ወንበሩ ከሄደ ደብዳቤውም ቀረ ማለት ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ አላማረውም። ግሮሰሪ ሲገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ወንበሩ ይቅር የሚሉት ታክሲ ነጂው ሽማግሌ፣ አቶ ሰረቀ፣ የቤቱ በር ላይ ፓርክ አድርገው ከሚስቱ ከስንዱ ጋር ሲንሾካሾኩ ደረሰባቸው። ሲያዩት አንገታቸውን ደፉና ሄዱ።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ሰላም ሊሉን ነው።»

«አንቺንም አሳመኑሽ በይኛ!»

ስንዱ ወደ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ስልኩም ከረቡዕ ጀምሮ ተበላሽቷል፤ ደውሎ አንድ ሰው እንኳ መቀስቀስ አልቻለም። አለቃው ደግሞ ሳይጠይቀው «ቅዳሜን እረፍ» አለው። ወይ ጉድ! ሁሉም አብረው ዶልተዋል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። አስራ ሦስቱም ቆመዋል፣ ከፊት አቶ ሰረቀ። ደሙ ፈላ። ስብሰባው እስኪደርስ እንኳ አላስቻላቸውም!

«ወልዴ፣ እስቲ ተቀመጥ» አሉት።

«አልቀመጥም! የአየርላንዶቹ እንኳ ሰው ቤት ድረስ አልመጡም! እርስዎ ታላቅ ሰው አይደሉም እንዴ? ይችን ወንበር ብትቀሙኝ ልጄን ነው የምትገድሏት!»



«ወንበሩን ማንም አይነካብህም፣ ወንድሜ» አሉ አቶ ሰረቀ። «ሄርሞንን ካርቱም ያሉት ጓደኞቿ ማክሰኞ ቀብረዋታል።»