የተጣበቁት ገጾች

እሷን የሚያታልል ሰው ገና ከእናቱ ማህፀን አልወጣም። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ላላወቀ ደግሞ ራሷ ትነግረው ነበር። የማስትሬት ጥናቷን ለአማካሪዋ ስታስረክብ አርባኛውንና አርባ አንደኛውን ገጽ በሙጫ ጠብታ ያጣበቀችውም ለዚሁ ነው። ካነበቡ ይላቀቃል፤ ካላነበቡ ጉዳቸው ይወጣል።

ከሦስት ወር በኋላ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ጥራዙን መለሰችላት። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆማ በቀጥታ አርባኛውን ገጽ ገለጠች። ሙጫው ንክች አላለም። ደሟ ፈላ። የአማካሪዋን በር ሳታንኳኳ በርግዳ ገባች፤ ውስጥ ሁለት የክፍሏ ልጆች ተቀምጠዋል።

"ሦስት ወር ሙሉ ምን ሲያደርጉበት ነበር? ትራስ?" ብላ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "እስከ ዓርብ ካልፈረሙልኝ እኮ ዓመቴ ተበላ! ይኸው፣ ይዩት! እንደማያነቡት ስለማውቅ ሆን ብዬ ነው ያጣበቅኩት!"

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው አማካሪዋ ግን መነጽራቸውን በእርጋታ ጠርገው አደረጉና ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ይገልጡላት ጀመር። ኅዳጉ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ አንድ ስሌት ተከቦ፣ ከሥሩ "ይህ ስህተት ነው። የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ስለቆመ እንደገና ይሠራ" የሚል ተጽፎበታል። ከጎኑ የሰፈረው ቀን ጥራዙን ባስረከበች በሳምንቱ ነው።

"ታዲያ... ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?" አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ሦስት ኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ የኔ ልጅ" አሉ፤ "እኔ ሠላሳ ስምንት ገጽ አንብቤያለሁ። አንቺ ያነበብሽው ሙጫሽን ብቻ ነው።"