የጸዳው ጠላ

በሟቹ ባሌ በጌጤ ሙት ዓመት ዕለት ተቆጣጣሪው ናሆም መብራት የተገጠመለትን ጋን ይዞ ከች አለ። በአዲሱ ሕግ ለድግስ የሚቀርብ መጠጥ ሁሉ እዚያ ጋን ውስጥ ይገለበጣል፤ የመለኪያው ዘንግ ዜሮ እስኪያነብ ድረስ ብርሃኑ ብክለቱን ያፈራርሰዋል። ከጓሮዬ ያለውን ወንዝ ሰማያዊ ያደረገው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቶታል። እኔ ግን ጠላ ጠምቄአለሁ፤ ጥፋቴ ግልጽ ነው።

«ብክለቱ ከፍተኛ ነው፣ እማማ» አለኝ ዘንጉን እያየ።

«ጌሾ ነው፣ ልጄ። ብቅልም አለበት።»

«ዘንጉ ስም አይጠይቅም።»

ጥቁሩ ጠላዬ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻም ጋኑ ታች ድረስ ወለል ብሎ ታየ። ናሆም አረንጓዴ ማኅተም ለጠፈና «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። በባሌ ሙት ዓመት ደስታም አልቀረብኝ።

እንግዶቹ ሲሰበሰቡ ቀዳሁላቸው። የጌጤ የመጠጥ ጓደኛ ጋሽ ድንበሩ አንዴ ተጎነጨና ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«አስካለ፣ በእጄ አፈር አልብሼው እንኳ ልቤ አላመነም ነበር» አለኝ። «ዛሬ ጌጤ ቤት ውሃ ቀረበልኝ። በቃ፣ ሞቷል።»