የቅርፊቱ ውኃ

«እንዳትነኪው!» ትላለች ኬሚስቷ፤ የአክስቷ ጣት ምድጃው ላይ ወደምትግለው ነጭ የመመርመሪያ ሰሌዳ ሲጠጋ።

«ኧረ እያየሁ ነው! ማየትም ክልክል ነው?» አክስቷ ጣቷን ትሰበስባለች። ከመጣች ሰዓት አልሞላትም፤ የላቦራቶሪውን ዕቃ አንድ በአንድ ጠይቃ ጨርሳለች።

ያመጣት ጥያቄ ግን አንድ ነው። የባሏ የእግር ቁስል አምስት ወር ሙሉ አልዘጋ ብሏል። ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት «የሚስቴ መድኃኒት እያለ?» ብሎ አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። እሷም እናቷ እንዳስተማረቻት የዛፍ ቅርፊት እየቀቀለች ቁስሉን ታጥብለታለች። ዛሬ ውኃውን በጠርሙስ ይዛ የመጣችው ቁርጡን ለማወቅ ነው፤ መድኃኒት አለው ወይስ የለውም?

ኬሚስቷ ሰሌዳዋ ላይ ሦስት ጠብታ አኑራለች። በስተግራ ከመደርደሪያዋ ያወጣችው፣ ከቅርፊት የሚገኝና ለቁስል ይበጃል እየተባለ የሚጠና ንጹሕ ነጭ ዱቄት። መሐል ላይ የአክስቷ ውኃ። የቀኙን ያኖረችው እንዲያው ነገሩ ከንክኗት ነው፤ ጠርሙሱ እንዳይሰበር የተጠቀለለበት ማጣሪያ ጨርቅ ላይ የተጣበቀውን አተላ ፍቃ በአልኮል ዘፈዘፈችው።

«የዱቄቱ ስም ማን ነበር ያልሽኝ?»

«ትራይተርፔኖይድ።»

«ወይ ጉድ! ስሙ ራሱ ያሳምማል።»

ሰሌዳዋ ስትግል በስተግራ፣ ዱቄቱ ባለበት፣ የመኖሩ ምልክት የሆነው ሐምራዊ ነጥብ ብቅ ይላል። ሁለቱም መሐሉ ላይ ያፈጣሉ። ነጭ ነው። ትንሽ ይጠብቃሉ። አሁንም ነጭ ነው።

«የእኔ ባዶ ነው በይኛ» ትላለች አክስቷ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ቆይ አክስቴ፣ ቆይ!»

በስተቀኝ፣ ከግራው ትይዩ፣ ሌላ ሐምራዊ ነጥብ ይወጣል፤ ከመጀመሪያውም ይደምቃል። ኬሚስቷ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «አለ! ለካ ውኃ አያሟሟውም፤ አተላው ውስጥ ቀርቶ ነው! ማዳኑን ገና አናውቅም፤ መኖሩን ግን ይኸው በዓይንሽ አየሽ። አተላውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ እደፋዋለሁ እንጂ። አንድ ሰሞን ውሻችንን ሽቦ ቧጥጦት ጀርባው ላይ ለጠፍኩለት።»

«ታዲያስ?»

«ዳነ። በወሩ ጠጉር አበቀለ።»

ኬሚስቷ ይህን ለመጻፍ እስክሪብቶ ታነሳለች። አንድ ውሻ ማስረጃ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ግን ስንት ቀን ለጠፈችለት? ምን ያህል? ልትጠይቅ ቀና ስትል የአክስቷ ዓይን እንባ ሞልቷል። እስክሪብቶውን ታስቀምጣለች።

«ነገ ጋሼን ራሴ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ። እምቢ ማለት የለም።»

አክስቷ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን ባዶው መሐል ላይ ነው።

«ለእሱ እኮ» ትላለች፣ «ሦስት ጊዜ ነበር የማጣራለት። ቅንጣት እንዳትቆረቁረው ብዬ።»